ደንብ አውጪው ደንብ ሲጥስ፦ የኮሮና ዘመን የእንቅስቃሴ ገደብና የብሪታኒያ ፖለቲከኞች

የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ መንግሥታት በሰላም ዘመን ሞክረዋቸው የማያውቋቸውን ክልከላዎች እንዲያወጡ አስገድዷቸዋል። ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከቤቱ እንዳይወጣ፣ የታመመ ዘመዱን እንዳይጠይቅ፣ በቀብር ላይ እንዳይሰበሰብ ተከልክሏል። በብዙ አገራት አብዛኛው ሕዝብ ክልከላውን ከነሕመሙ ተቀብሎ አልፏል። ቁጣው የበረታው ክልከላውን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ሲጥሱት በተገኙ ጊዜ ነው።

ይህ ክርክር ጎልቶ ከታየባቸው አገራት ቀዳሚዋ ብሪታኒያ ናት። ጉዳዩ እዚያ ከጋዜጣ ዘገባ ተነሥቶ በፖሊስ ምርመራ አልፎ እስከ ፓርላማ ውሳኔ ደርሷል። ይህ ጽሑፍ ደንቡ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደጣሰው፣ ምን እንደተወሰነና ሕዝቡ በምን ላይ እንደተከራከረ ያብራራል። ዓ.ም. የሚል ካልታከለባቸው በስተቀር ቀናቱ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ገደቡ ምን ይል ነበር?

ማርች 23 ቀን 2020 ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ አዘዙ። የተፈቀዱት ምክንያቶች ጥቂት ነበሩ፦ አስፈላጊ ሸቀጥ መግዛት፣ በቀን አንድ ጊዜ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ሕክምና ማግኘትና ከቤት ሊሠራ የማይችል ሥራ። አብረው ከማይኖሩ ሰዎች ጋር ከሁለት በላይ ሆኖ በአደባባይ መሰብሰብም ተከለከለ። ትእዛዙ በእንግሊዝ የሕግ ኃይል ያገኘው ማርች 26 ቀን ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸውን ደንብ አውጥተዋል።

ደንቡን የማስከበር ሥልጣን ለፖሊስ ተሰጠ። የመጀመሪያው ቅጣት 60 ፓውንድ ሲሆን ከሜይ 2020 አንሥቶ በእንግሊዝ ወደ 100 ፓውንድ አደገ፤ ቶሎ ለከፈለ በግማሽ ይቀነስለት ነበር። ትልልቅ ስብሰባ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ደግሞ እስከ 10 ሺህ ፓውንድ የሚደርስ ቅጣት ተደነገገ። በእንግሊዝና በዌልስ በጠቅላላው ከ100 ሺህ በላይ የቅጣት ማስታወቂያዎች ተሰጥተዋል።

በወቅቱ በሕግና በምክር መካከል ያለው ልዩነት ለብዙዎች ግልጽ አልነበረም። ያለ በቂ ምክንያት ከቤት መውጣት በሕግ የሚያስቀጣ ነበር። የሁለት ሜትር ርቀት መጠበቅን የመሰለው ግን በዋነኛነት የጥንቃቄ ምክር ነበር። ተራው ሰው ሁለቱን ሳይለይ እንደ አንድ ትእዛዝ ተቀብሎ ኖሯል። ባለሥልጣናቱ ሲጠየቁ ግን ብዙ ጊዜ መከላከያቸውን ያቆሙት በዚሁ ልዩነት ላይ ነው።

የክልከላው ሸክም ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና በእጅ መጨባበጥ ተከልክሎ፣ የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት መጠበቅ ግዴታ ሆኖ ነበር። ለቅሶ መድረስ የቅርብ ዘመድም የሩቅ ጎረቤትም ግዴታ በሆነበት አገር፣ በድንኳኑ ደጅ ቆሞ መመለስ ምን እንደሚያህል የቀመሰ ያውቀዋል። ብሪታኒያውያንም የሚወዷቸውን በስልክ መስኮት ተሰናብተዋል፤ ቀብራቸውን በጣት በሚቆጠር ሰው ፈጽመዋል። የኋላው ቁጣ ምንጭ ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጥሰቶች

ገደቡ ከተጣለ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው የስኮትላንድ ዋና የሕክምና ኃላፊ ካትሪን ካልደርዉድ በሌላ አካባቢ ወዳለው ሁለተኛ ቤታቸው ሁለት ጊዜ መሄዳቸው ታወቀ። በቴሌቪዥን ሕዝቡን «ከቤት አትውጡ» ሲሉ የነበሩት እርሳቸው ነበሩና ፖሊስ አስጠንቅቋቸው ኤፕሪል 5 ቀን ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። ሜይ 5 ቀን ደግሞ የወረርሽኙን ስርጭት በስሌት በመተንበይ የሚታወቁት ፕሮፌሰር ኒል ፈርግሰን፣ በገደቡ ወቅት ቤታቸው እንግዳ መቀበላቸው ሲጋለጥ ከመንግሥት የሳይንስ አማካሪዎች ቡድን ወጡ። ሁለቱም ስሕተታቸውን አምነው በፍጥነት ስለለቀቁ ጉዳያቸው ብዙ አልቆየም።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና አማካሪ የዶሚኒክ ከሚንግስ ጉዳይ ግን የተለየ መንገድ ያዘ። ከሚንግስ ማርች 27 ቀን 2020 ባለቤታቸው የሕመም ስሜት ከተሰማቸው በኋላ ቤተሰባቸውን ይዘው ከለንደን 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ደራም፣ ወደ ወላጆቻቸው ርስት ተጓዙ። ኤፕሪል 12 ቀን ደግሞ ከዚያ ተነሥተው ባርናርድ ካስል ወደምትባል ከተማ ነዱ። ጉዳዩን ጋርዲያንና ዴይሊ ሚረር ጋዜጦች ሜይ 22 ቀን ይፋ አደረጉት።

አማካሪው ከሦስት ቀን በኋላ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የአትክልት ሥፍራ መግለጫ ሰጡ። ወደ ደራም የሄዱት ሁለቱም ወላጆች ቢታመሙ ልጃቸውን የሚይዝላቸው ሰው ፈልገው እንደሆነ፣ ባርናርድ ካስል የሄዱት ደግሞ ወደ ለንደን ረጅም ርቀት ከመንዳታቸው በፊት ዓይናቸው በደንብ ማየቱን ለመፈተሽ እንደነበር አስረዱ፤ በድርጊታቸው እንደማይጸጸቱም ተናገሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደገፏቸው። የደራም ፖሊስ በበኩሉ ወደ ደራም መሄዳቸው ወንጀል እንዳልነበረ፣ ወደ ባርናርድ ካስል ያደረጉት ጉዞ ግን አነስተኛ ጥሰት ሊሆን እንደሚችል ገልጾ ጉዳዩን ዘጋው።

ሕዝቡ ግን አልዘጋውም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች የሰጡትን ምላሽ መርምረው በኦገስት 2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ጉዳዩ ከተጋለጠበት ቀን አንሥቶ በእንግሊዝ በመንግሥት ላይ ያለው መተማመን ማሽቆልቆሉን አሳዩ። በስኮትላንድና በዌልስ ሕዝቡ በየራሱ መንግሥት ላይ ያለው መተማመን በተመሳሳይ መጠን አልወረደም። በአንድ አማካሪ ድርጊትና በአለቃው ምላሽ የተነሣ የአንድ አገር ሕዝብ እምነት ሲላላ በቁጥር የታየበት አጋጣሚ በመሆኑ ጥናቱ እስካሁን ይጠቀሳል።

ከዚያ በኋላም ሌሎች ጉዳዮች ተከታተሉ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ የፓርላማ አባል ማርጋሬት ፌሪየር በሴፕቴምበር 2020 ቫይረሱ እንዳለባቸው ካወቁ በኋላ ከለንደን ወደ ስኮትላንድ በባቡር ተጓዙ። ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን በማመናቸው የ270 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ሥራ ተፈረደባቸው፤ በ2023 ደግሞ የመረጣቸው ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ ውክልናቸውን ሻረ። የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክም ከባልደረባቸው ጋር ተቃቅፈው የሚያሳይ የደኅንነት ካሜራ ምስል በጋዜጣ ወጣባቸው። አብረው የማይኖሩ ሰዎች ርቀታቸውን እንዲጠብቁ የሚያሳስቡት እርሳቸው ነበሩና ጁን 26 ቀን 2021 ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

የዳውኒንግ ስትሪት ግብዣዎች

ከሁሉ የከፋው ገና አልተሰማም ነበር። ኖቬምበር 30 ቀን 2021 ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ በቀደመው ዓመት ገደቡ ጸንቶ ሳለ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ግብዣዎች እንደተደረጉ ዘገበ። ጆንሰን በማግስቱ በፓርላማ ሲጠየቁ የጥንቃቄ ምክሮቹ በሙሉ ተከብረው እንደነበር መለሱ። ሳምንት ሳይሞላ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ስለ አንድ የገና ግብዣ እየሳቁ ሲቀልዱ የሚያሳይ ምስል በቴሌቪዥን ታየ፤ በምስሉ የታዩት ቃል አቀባይ አሌግራ ስትራተንም ሥራቸውን ለቀቁ።

ቀስ በቀስ ዝርዝሩ ወጣ። ሜይ 20 ቀን 2020 በአትክልት ሥፍራው ለተደረገው ግብዣ ሠራተኞች የየራሳቸውን መጠጥ ይዘው እንዲመጡ በኢሜይል ተጠርተዋል። በዚያው ቀን፣ ግብዣው ሊጀመር ሲል፣ አንድ ሚኒስትር ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ ሕዝቡ ከቤት ውጭ ማግኘት የሚችለው አብሮት የማይኖር አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አስታውሰው ነበር። ጁን 19 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ልደት በካቢኔ አዳራሽ ተከበረ። ኤፕሪል 16 ቀን 2021 ደግሞ ሁለት የስንብት ግብዣዎች ተደረጉ። በማግስቱ ንግሥት ኤልሳቤጥ የባለቤታቸውን የልዑል ፊሊፕን ቀብር ደንቡን አክብረው ብቻቸውን ተቀምጠው ፈጸሙ። ጆንሰን በዚያ ምሽት በሥፍራው ባይኖሩም ጽሕፈት ቤታቸው ቤተ መንግሥቱን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ምርመራው በሁለት መስመር ተካሄደ። ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኛዋ ሱ ግሬይ ሜይ 25 ቀን 2022 ያወጡት ሙሉ ሪፖርት ከልክ ያለፈ መጠጥ እንደነበረ መዝግቧል። የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች በተደጋጋሚ ክብር በጎደለው መንገድ መስተናገዳቸውንም ገልጾ፣ ከፍተኛ አመራሩ ለዚህ ልማድ ኃላፊነት ሊወስድ እንደሚገባ አሳስቧል። የለንደን ፖሊስ በበኩሉ ለ83 ሰዎች 126 የቅጣት ማስታወቂያዎች ሰጥቷል። ከተቀጡት መካከል በልደቱ ዝግጅት የተገኙት ጆንሰን፣ ባለቤታቸውና በወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ ይገኙበታል። ጆንሰን በሥልጣን ላይ ሳሉ ሕግ ጥሰው የተቀጡ የመጀመሪያው የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ተቃዋሚውም ከጥያቄ አላመለጠም። የሌበር ፓርቲ መሪ ኪር ስታርመር በኤፕሪል 2021 በደራም በአንድ ቢሮ ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቢራ ሲጠጡ የሚያሳይ ምስል ወጣ። ፖሊስ ከቀጣቸው ከመሪነት እንደሚለቁ አስቀድመው ቃል ገቡ። ፖሊስ በጁላይ 2022 ሥራ ላይ እንደነበሩ አረጋግጦ ጉዳዩን ያለ ቅጣት ዘጋው።

ከቅጣቱ ይልቅ ቃሉ

ለጆንሰን የተቆረጠው ቅጣት 50 ፓውንድ ብቻ ነበር። የበለጠ ያስጠየቃቸው በፓርላማ የተናገሩት ነው። በብሪታኒያ ሥርዓት እያወቀ ፓርላማን ያሳሳተ ሚኒስትር ከሥልጣን እንዲለቅ ይጠበቃል። ሰባት አባላት ያሉት፣ አብዛኞቹም ከጆንሰን ከራሳቸው ወግ አጥባቂ ፓርቲ የሆኑት የታችኛው ምክር ቤት የልዩ መብቶች ኮሚቴ ጉዳዩን ከአንድ ዓመት በላይ መረመረ።

ጆንሰን የተገኙባቸው ዝግጅቶች የሥራ አካል መስለዋቸው እንደነበር፣ ቀንና ሌሊት የደከሙ ሠራተኞችን ማመስገንም የመሪ ድርሻ እንደሆነ ተከራከሩ። ኮሚቴውንም አስቀድሞ የፈረደ ችሎት ነው ሲሉ ነቀፉ። ኮሚቴው ግን ጁን 15 ቀን 2023 ባወጣው ሪፖርት ሆን ብለው ምክር ቤቱን እንዳሳሳቱ ደመደመ፤ አባል ሆነው ቢቆዩ ኖሮ ለ90 ቀናት እንዲታገዱ ሐሳብ ያቀርብ እንደነበርም ገለጸ። ጆንሰን ከሪፖርቱ ቀድመው የፓርላማ አባልነታቸውን ለቀዋል። ምክር ቤቱ ሪፖርቱን በ354 ድጋፍና በ7 ተቃውሞ አጸደቀው።

ከጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው እንደሚለቁ ያስታወቁት ከዚህ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 7 ቀን 2022፣ በሌላ የፓርቲ ባለሥልጣን ሹመት የተነሣ በርካታ ሚኒስትሮቻቸው ጥለዋቸው ሲሄዱ ነው። ስለዚህ ግብዣዎቹ ብቻቸውን ከሥልጣን አወረዷቸው ማለት አይቻልም። ሆኖም በዚያ በሌላው ጉዳይም ጽሕፈት ቤታቸው የሰጠው ማስተባበያ እውነት ሆኖ ስላልተገኘ፣ ቃላቸውን የሚያምን ሰው ቀድሞውኑ ተመናምኖ ነበር።

ሕዝቡ የተከራከረባቸው ነጥቦች

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው የሚነገሩ ሁለት ክርክሮች አሉ። አንደኛው ገደቡ ራሱ ትክክል ነበር ወይ የሚል ነው። የቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ጆናታን ሰምፕሽንን የመሰሉ ተቺዎች መንግሥት ጤነኛ ዜጎችን በቤታቸው ለመዝጋት የተጠቀመበት ሥልጣን ከልክ ያለፈ ነበር ብለዋል። ለእነዚህ ወገኖች የባለሥልጣናቱ ግብዣ ማስረጃ ሆነላቸው፦ አደጋውን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ሰዎች ካልፈሩት፣ ሕዝቡ ለምን እንዲፈራ ተደረገ? የገደቡ ደጋፊዎች ደግሞ ሐኪም ሲጋራ ቢያጨስ ሲጋራ ጤናማ እንደማይሆን ሁሉ፣ የጣሹ ሰው ጥፋት የደንቡን ጥቅም አይሽርም ሲሉ መልሰዋል።

ሁለተኛው ክርክር የእኩልነት ነው። በዚህኛው የገደቡ ደጋፊና ተቃዋሚ አንድ ላይ ቆመዋል። ባለሥልጣናቱን የሚከላከሉ ወገኖች ዝግጅቶቹ አጭር እንደነበሩ፣ ሠራተኞቹም ቀኑን ሙሉ በአንድ ቢሮ አብረው ይውሉ ስለነበር ተጨማሪ አደጋ እንዳልፈጠሩ ይናገራሉ። ምክንያቱ ፍጹም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ነርሶችም ቀኑን ሙሉ አብረው ይውሉ ነበር፤ ከሥራ በኋላ ግብዣ እንዲያደርጉ ግን አልተፈቀደላቸውም። ልጁን ለማየት በሆስፒታል ደጅ የቆመው አባትም የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ለእርሱ ግን ደንቡን እንደሚመቸው የመተርጐም ዕድል አልተሰጠውም።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚሉት እዚህ ላይ ይሠራል። ሕዝቡ በሕግ ስም ትልቁን ነገር፣ የወላጁን የመጨረሻ ሰዓት፣ ሰጥቷል። የተቆጣው በሌላው ወገን የሕጉ ሚዛን አዘንብሎ በማየቱ ነው። የግብዣው ማነስ ወይም የቅጣቱ መቅለል ይህን ቁጣ ያላበረደውም ለዚሁ ነው።

ሌሎች አገራት እንዴት አስተናገዱት?

ጉዳዩ የብሪታኒያ ብቻ አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ የኮሙኒኬሽን ሚኒስትሯ ስቴላ ንዳቤኒ አብርሃምስ በገደቡ ወቅት ወዳጅ ቤት ምሳ ሲበሉ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በኤፕሪል 2020 ወጣ። ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ ወዲያው ለሁለት ወራት ከሥራ አገዷቸው፤ የአንዱ ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም። በኒው ዚላንድ የጤና ሚኒስትሩ ዴቪድ ክላርክ ቤተሰባቸውን ይዘው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ዳርቻ መንዳታቸውን ራሳቸው ተናዘዙ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ በአዘቦት ጊዜ ቢሆን እንደሚያባርሯቸው ገልጸው፣ በካቢኔው የመጨረሻውን ደረጃ ሰጧቸው። ሚኒስትሩ በጁላይ 2020 ለቀቁ።

በአየርላንድ በኦገስት 2020 የፓርላማው የጎልፍ ማኅበር ባዘጋጀው እራት የተገኙት የግብርና ሚኒስትርና የአውሮፓ ኅብረት የንግድ ኮሚሽነር ፊል ሆጋን በቀናት ልዩነት ሥልጣን ለቀዋል። ከዝግጅቱ ጋር በተያያዘ የተከሰሱት ሰዎች በኋላ በፍርድ ቤት ነጻ ወጥተዋል። በሕግ አለመጠየቅና በሕዝብ ፊት ተጠያቂ መሆን የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ይህ ያሳያል።

የኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ ጉዳይ ከብሪታኒያው ጋር ለማነጻጸር ይመቻል። ለ60ኛ ልደታቸው የተጠራው የቤተሰብ ስብስብ በጊዜው ከተፈቀደው አሥር ሰው በጥቂቱ በልጦ ተገኘ። እርሳቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ፖሊስም በኤፕሪል 2021 20 ሺህ ክሮነር ቀጣቸው። ፖሊስ በተመሳሳይ ጉዳይ ሌላ ሰው ላይቀጣ ይችል እንደነበር አልሸሸገም። ሶልበርግን የቀጣው ገደቡን ለሕዝብ ሲያውጁ የነበሩት እርሳቸው በመሆናቸው፣ ሕዝቡ በደንቡ ላይ ያለው እምነት እንዳይናጋ ነው። ጥፋቱ ታመነ፣ ቅጣቱ ተከፈለ፣ ዓመታት የሚፈጅ ምርመራም አላስፈለገም።

ምን ትምህርት ተገኘ?

በባሮነስ ሄዘር ሃሌት የሚመራው የብሪታኒያ የኮቪድ አጣሪ ጉባኤ በኖቬምበር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ መንግሥት ለወረርሽኙ የሰጠው ምላሽ ያነሰና የዘገየ እንደነበር ደምድሟል። ፖለቲከኞችና አማካሪዎቻቸው ደንብ መጣሳቸው ሕዝቡ በውሳኔዎቹ ላይ የነበረውን እምነት እንደሸረሸረም ገልጿል።

ከእነዚህ ጉዳዮች ሦስት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ደጅ ፖሊስ ማቆም ስለማይቻል እንዲህ ያለ ደንብ የሚከበረው በአመዛኙ በሕዝቡ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ሸክሙ ለሁሉም እኩል ነው ከሚል እምነት ይመነጫል። ሁለተኛ፣ ደንቡ ሲወጣ ሕጉና ምክሩ በግልጽ ካልተለዩ፣ ባለሥልጣኑ በኋላ በልዩነቱ ይጠለላል፤ ተራው ሰው ግን በሁለቱም ይታሰራል። ሦስተኛ፣ ቶሎ ማመንና መቀጣት ጉዳትን ይቀንሳል፤ ማስተባበል ግን ትንሹን ጥፋት ወደ ትልቅ የእምነት ቀውስ ይለውጣል።

በለንደን ከፓርላማው ሕንጻ ፊት ለፊት፣ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ በወረርሽኙ የሞቱ ሰዎችን የሚያስታውስ ረጅም ግንብ አለ። ሐዘንተኞች ከማርች 2021 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ቀይ የልብ ቅርጽ እየሳሉበት ቁጥሩ ከ200 ሺህ አልፏል። ቀለሙ በፀሐይና በዝናብ ሲደበዝዝ በጎ ፈቃደኞች እየተመለሱ ያድሱታል። ከምክር ቤቱ በወንዙ በኩል የሚመለከት የፓርላማ አባል ሁሉ ያየዋል።